ኦቦ ነገሳ ያላደረጉት ንግግር

አባቴ፣ ኦቦ ነገሳ ያላደረጉትን ንግግር ጋዜጣ ላይ አወጣ፤ በዚያ ንግግር ምክንያት ኦቦ ነገሳ መስካቸውን አጡ። የሆነው ይኸው ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው እንዴት እንደሆነ ነው።

አባቴ አቶ አሥራት ሱሉልታ ላይ ምክትል ገዥ ነበር። የአንድ የአዲስ አበባ ጋዜጣ ወኪልም ነበር። ሁለቱን ሥራ አንድ ላይ መያዙ ማንንም አይገርምም፤ በየወረዳው ብዕር የሚይዘው ሰው ያው ገዥው ወይም ጸሐፊው ነው። ቀን ሰው ያስታርቃል፣ ግብር ያስከፍላል፣ አቤቱታ ይሰማል፤ ሲመሽ ያንኑ ቀኑን የሠራውን ዜና አድርጎ ይጽፈዋል። እናቴ «አንተ እኮ ራስህ ደግሰህ ራስህ ታመሰግናለህ» ትለው ነበር። እሱ ይስቃል። ከቄስ ትምህርት ቤት ተነስቶ፣ የማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ሆኖ፣ በእጅ ጽሑፉ ማማር ብቻ እዚያ የደረሰ ሰው ነው። የሹመት ደብዳቤውን ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል፤ ስሙ የወጣባቸውን ጋዜጦች ግን ለእንግዳ ያሳያል።

ዜና የሚጽፍበትን መንገድ መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባም። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው አውቶቡስ ሱሉልታን የሚያልፈው በጠዋት ነው። ምረቃ ደግሞ የሚጀመረው እንግዶቹ አዲስ አበባ ቁርሳቸውን በልተው፣ እንጦጦን ተሻግረው ከደረሱ በኋላ ነው። ምረቃው እስኪያልቅ ተጠብቆ የተጻፈ ዜና የሚሄደው በማግስቱ አውቶቡስ ነው። በማግስቱ ሌላ ወረዳ ሌላ ነገር አስመርቋል፤ የጋዜጣው ቦታ ተይዟል። ስለዚህ አባቴ ዜናውን አስቀድሞ ይጽፋል። ክቡር እንግዳው ምን እንደሚሉ ይታወቃል፤ የሕዝቡ ተወካይ ምን ብሎ እንደሚመልስ ይታወቃል፤ እልልታውም ይታወቃል። ፖስታውን በጠዋት ለሾፌሩ ይሰጥና ሄዶ ምረቃውን ያስተናግዳል። ይህ የእሱ ብቻ ዘዴ አልነበረም። ሌሎቹም ወኪሎች እንደዚሁ ነው የሚሠሩት፤ እንግዶቹም ያውቁታል። አንድ ጊዜ አንድ ባለሥልጣን ከመኪናቸው እየወረዱ፣

«አቶ አሥራት፣ ዛሬ ደግሞ ምን ተናገርኩ?» ብለው ሲጠይቁት በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

«ስለ ትምህርት ጥቅም ነው፣ ክቡርነትዎ» አለ አባቴ።

«ጥሩ ተናግሬአለሁ» አሉ ሰውየው።

ዩኒቨርሲቲ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት፣ ይህ ውሸት አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። «ውሸት የሚሆነው ሳይሆን ሲቀር ነው፣ ማሪቱ» አለኝ። «እስካሁን ሳይሆን የቀረ ምረቃ የለም።»

በ1959 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የተመረቀው የወተት መሰብሰቢያ ነበር። አንድ የወተት ኩባንያ ከገበሬው ወተት የሚረከብበት ቤት መንገድ ዳር መሥራት ፈለገ። ለመንገዱ የሚቀርበው የኦቦ ነገሳ መስክ ነው። ሱሉልታን በክረምት ያየ ሰው ያውቃል፤ ሜዳው ውሃ ተኝቶበት ይከርምና ጥቅምት ሲብት ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ይታጨዳል፣ ድርቆሽ ይሆናል፣ ለአዲስ አበባ ከብት አርቢና ለጋሪ ፈረስ ይሸጣል፤ የተረፈው የራስን ከብት በጋውን ያሻግራል። ኦቦ ነገሳ የሚታረስ መሬታቸው እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም። ኑሯቸው መስኩ ነው።

አባቴ ሄዶ አነጋገራቸው። እኔም አብሬው ነበርኩ። መስኩ ዳር ቆመን ነው የተስማሙት፤ የተጻፈ ነገር የለም።

«ጥጉን ብቻ ነው፣ ኦቦ ነገሳ» አላቸው። «ቤቱ የሚያርፍበትን።»

«ጥጉ ከሆነ ይሁን» አሉ። «ላሞቼ ቤት አይበሉም። ሣሩን እንዳይነኩብኝ እንጂ።»

«በእኔ ይሁንብዎ» አለ አባቴ።

ኦቦ ነገሳ በዕድሜ ከአባቴ ይበልጣሉ። አማርኛቸው ጥሩ ነው፤ ሲቆጡና ሲደሰቱ ግን ወደ ኦሮምኛ ይመለሳሉ። አባቴን «ጌታው» ይሉታል፤ ስለ ሹመቱ ነው እንጂ ስለሚፈሩት አይደለም። ሲያልፉ ቤታችን ጎራ ይላሉ፤ እናቴ ጠላ ትቀዳላቸዋለች፤ ስለ ከብት በሽታና ስለ ግብር ያወራሉ። በምረቃው ዕለት የአካባቢውን ሰው ወክለው እንዲናገሩ አባቴ የመረጣቸው ለዚህ ነበር። ሊያከብራቸው ፈልጎ ነው።

ዕለቱ ደረሰ። ዝናቡ ከእንጦጦ በኩል ተነስቶ መጣ፤ ሱሉልታ ላይ እንደሚዘንበው ሆኖ፣ በጎን ዘነበ። ኦቦ ነገሳ ካፖርት ለብሰው፣ ባርኔጣ ደፍተው፣ ከጠዋት ጀምሮ አዲሱ ቤት አጠገብ ቆመዋል። ከኩባንያው ባለድርሻዎች አንዱ የሆኑት የክብር እንግዳ ደረሱ። በጃንጥላ ስር ሆነው ሪባኑን ቆረጡ፣ «ጎበዝ፣ ጎበዝ» አሉ፣ መንገዱ ሳይጨቀይ እንመለስ ብለው መኪናቸው ውስጥ ገቡ። ንግግር የሚባል ነገር አልነበረም። የክቡርነታቸውም የለ፣ የኦቦ ነገሳም የለ።

ሰው ሁሉ ወደ መጠለያ ሲሮጥ ኦቦ ነገሳ እዚያው ቆመው ቀሩ።

«ምን ሊሉ ነበር፣ አባባ?» አልኳቸው።

«ስለ ድልድዩ ነዋ፣ ኢንተለኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ክረምት በመጣ ቁጥር ልጆቹ ወንዙን ፈርተው ከትምህርት ቤት ይቀራሉ። እሱን ነበር የምላቸው። ሳምንቱን ሙሉ ወርቅቱ ፊት ስለማመድ ነበር።»

ወርቅቱ ሚስታቸው ናቸው። «ጆሮዬን አደነቆረኝ እኮ» አሉ ከኋላችን። «ከብቶቹ ሳይቀሩ ስለ ድልድዩ ሰምተዋል።»

አባቴ መጥቶ የኦቦ ነገሳን ትከሻ ያዝ አደረገ። «አይዘኑ» አላቸው። «ጋዜጣው ላይ ተናግረዋል።»

ጋዜጣው ከአዲስ አበባ ሲመጣ የሚያርፈው ሀሰኖ ሱቅ ነው። ሀሰኖ ስኳርና ጨው፣ ላምባና ሳሙና የሚሸጥ ነጋዴ ነው፤ ጋዜጣውን ከሾፌሩ ይቀበልና ሱቁ ለተሰበሰበው ሰው ጮክ ብሎ ያነባል፤ ካነበበ በኋላ ስኳር ይጠቀልልበታል። ያን ቀን ኦቦ ነገሳ በጊዜ መጥተው ሣጥን ላይ ተቀምጠዋል። ሀሰኖ ጉሮሮውን ጠርጎ አነበበ። ክቡርነታቸው ስለ ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት አባታዊ አሳቢነት የተናገሩት ቀደመ። ቀጥሎ፦

«የአካባቢውን ሕዝብ ወክለው የተናገሩት አቶ ነገሳ፣ ለዚህ ታላቅ የልማት ሥራ ሰፊውን መስካቸውን በፈቃዳቸውና በደስታ ማበርከታቸውን ገልጸው፣ ይህን ዕድል በማግኘታቸው የተሰማቸውን ኩራት...»

«እኔ ነኝ?» አሉ ኦቦ ነገሳ።

«ሌላ ነገሳ አለ?» አለ ሀሰኖ። «ይህን ሁሉ አማርኛ የት ደብቀውት ኖሯል፣ ኦቦ?»

ሱቁ በሳቅ ሞላ። ኦቦ ነገሳም ሳቁ። እንደገና እንዲያነብላቸው ጠየቁት፤ ስለ ድልድዩ ቃል ይኖር እንደሆነ ለማየት ይመስለኛል። አልነበረም። ቢሆንም ስማቸው ከክቡርነታቸው ስም ስር ታትሟል። ሀሰኖ ጋዜጣውን ስኳር ሳይጠቀልልበት ሰጣቸው። ቤታቸው ግድግዳ ላይ ለጠፉት። የመጣ እንግዳ ሁሉ «እንኳን ደስ አለዎት» ሲላቸው «አሜን» አሉ። ሌላ ምን ይበሉ? «ሰፊውን መስካቸውን» የሚለውን ማንም ልብ አላለውም። ጥግ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ አባቴ እንደዚያ እንደሚጽፍም ሁሉም ያውቃል።

አንድ ጥቅምት አለፈ፤ ኦቦ ነገሳ ሣራቸውን አጨዱ። በሁለተኛው ጥቅምት፣ ሣሩ ለአጨዳ ሲደርስ፣ ኩባንያው መስኩን ዙሪያውን በሽቦ አጠረው። ኦቦ ነገሳ ማጭድ ይዘው ሲሄዱ ዘበኛ ቆሞ አገኙ።

አባቴ ወደ ኩባንያው ቢሮ ሄደ። ሥራ አስኪያጁ አክብሮ ተቀበለው፤ ሻይ አዘዘለት፤ ከዚያ ከመሳቢያው ጋዜጣውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋለት። «እርስዎ ራስዎ የጻፉትን እኛ እንዴት እንካደው?» አለው።

ሲመለስ እኔ ቤት ነበርኩ። ተማሪው አድማ መትቶ ዩኒቨርሲቲው ተዘግቷል። እንግዲህ ወሩን ሙሉ ከጓደኞቼ ጋር መሬት ለአራሹ ስንል ከርመን፣ ያው መሬትና ያው አራሽ ከአባቴ ቤት ትንሽ ራቅ ብለው ነበሩ።

«ለምን ጥግ ብለህ አልጻፍክም?» አልኩት።

«ሰው ሲመሰገን በጥግ አይመሰገንም» አለኝ። ቀጥሎም፣ «ስሙ ከክቡርነታቸው ጋር የታተመን ገበሬ ማን ይደፍረዋል ብዬ ነበር» አለ።

ይህን ያለው ከልቡ ነው። አባቴ የታተመ ነገር ሰውን ይጠብቃል ብሎ ያምን ነበር። ጉቦ በልቶ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ከሌባ ጋር መጣላት ይቀላል።

ኦቦ ነገሳ አውራጃ ፍርድ ቤት ከሰሱ። ጎረቤቶቻቸው መጥተው ጥጉ ብቻ እንደተሰጠ መሰከሩ። የኩባንያው ጠበቃ «ዘመዶቹ ናቸው» አለ፤ እዚያ ሜዳ ላይ የማይዛመድ ሰው የለም፣ ውሸት አላለም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈውን ጋዜጣ ያዩ ሰዎችም በኩባንያው በኩል ቀረቡ፤ እንኳን ደስ አለዎት ሲሏቸው አሜን ማለታቸውን ተናገሩ። ቀጠሮ በቀጠሮ ሆነ። መኖ ጠፋና ከብቶቹ እየከሱ ተሸጡ። በመጨረሻ የቀረው አንድ ምስክር ነበር። እሱም አባቴ ነው።

ከቀጠሮው በፊት ባለው እሁድ ኦቦ ነገሳ ቤታችን መጡ። እናቴ እንደ ወትሮው ጠላ ቀዳችላቸው። አልጠጡም፤ ብርጭቆውን እግራቸው ስር አኖሩት።

«ጌታው» አሉ። «እኔ ብዙ አልጠይቅም። ያን ቀን ዝናብ ዘንቦ ነበር ወይስ አልዘነበም?»

«ዘንቧል» አለ አባቴ።

«እኔ ተናግሬአለሁ ወይስ አልተናገርኩም?»

«አልተናገሩም።»

«በቃ። ለእኔ አሁን ያሉኝን ለዳኛው ይድገሙልኝ። ሌላ አልፈልግም።»

አባቴ እጁን አፋተገ። «ሌላ መንገድም እኮ አለ፣ ኦቦ ነገሳ። ለክቡርነታቸው አቤቱታ እጽፋለሁ። ጋዜጣው ላይም ድርቆሽ ለአካባቢው ገበሬ ስላለው ጥቅም አንድ ሰፋ ያለ ጽሑፍ...»

«አባዬ!» አልኩ።

«አንቺ ዝም በይ» አለች እናቴ። «ትልልቅ ሰዎች ሲነጋገሩ!»

«ተይያት እመቤቴ፣ ትናገር» አሉ ኦቦ ነገሳ። «የተማረ ሰው ይቸኩላል። ሣርም ይቸኩላል።»

አባቴ ተነስቶ እጃቸውን በሁለት እጁ ያዘ። «እናገራለሁ» አለ።

ኦቦ ነገሳ ከወጡ በኋላ እናቴ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው። «ሹመቱን ከወሰዱብን የት እንገባለን?» አለች። ቤቱ የመንግሥት ነው፣ እህሉ ከደመወዙ ነው፣ እኔንም የሚያስተምረኝ እሱ ነው። እናቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ያለችው እውነት ነው፤ ለዚህም ነው የተናደድኩባት።

ፍርድ ቤቱ ጠባብ ነበር። ኦቦ ነገሳ በፊተኛው አግዳሚ ተቀምጠዋል፤ ባርኔጣቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። አባቴ ምሎ ቆመ።

«ይህን ዜና የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አሉት ዳኛው።

«አዎን፣ እኔ ነኝ።»

«አቶ ነገሳ እዚህ ላይ የሰፈረውን ንግግር አድርገዋል?»

አባቴ አፉን ከፈተ። ጠበቃው ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ክቡር ዳኛ፣ ምስክሩ ከመመለሳቸው በፊት አንድ ነገር ይፈቀድልኝ» አለና ከዚያው ዜና ከፍ ብሎ ያለውን አነበበ። ክቡርነታቸው ስለ ግርማዊ ንጉሠ ነገሥት አባታዊ አሳቢነት ተናገሩ የተባለውን ነው። በዝግታ ነው ያነበበው። ሲጨርስ ጋዜጣውን አጠፈ። «ይህስ ተነግሯል? ወይስ አቶ አሥራት ቤታቸው ተቀምጠው፣ በግርማዊነታቸው ስም ከራሳቸው ፈጥረው ያሳተሙት ነው? አንዱ ካልተነገረ ሌላውም አልተነገረም። ዝናቡ የዘነበው በሁለቱም ላይ ነው።»

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። እዚያ ክፍል ውስጥ የምረቃ ዜና እንዴት እንደሚጻፍ የማያውቅ ሰው አልነበረም። ዳኛው ያውቃሉ፤ ጠበቃው ያውቃል፤ በር ላይ የቆመው ፖሊስ ያውቃል። ማወቅ ሌላ ነው። በንጉሠ ነገሥቱ ስም የታተመውን ነገር እኔ ነኝ የፈጠርኩት ብሎ፣ ቆሞ፣ ለመዝገብ መናገር ግን ሌላ ነው። በኦቦ ነገሳ ስም የተፈጠረውንና በዚያ ስም የተፈጠረውን የሚለይ መቀስ አልነበረም።

አባቴ ወደ አግዳሚው አላየም።

«ሁሉም ተነግሯል» አለ።

«የአቶ ነገሳም?»

«የአቶ ነገሳም።»

ኦቦ ነገሳ ተነሱ። ባርኔጣቸው ወደቀ። «ማል ጄዴ?» አሉ፤ ምን አልኩ፣ ነው። ለዳኛው አልነበረም፤ ለአባቴ ነው ያሉት። እውነትም የረሱትን ነገር የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር። «ማል ጄዴ፣ ጌታው?» ፖሊሱ መጥቶ አስቀመጣቸው።

ተፈረደባቸው። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ አባቴ ወደ ሰበታ ተዛወረ፤ ከፍ ባለ ሹመት። ማንም ስለ ምስክርነቱ ነው አላለም። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ሰበታ መብራት ያለበት ቤት ተሰጠን። ፋብሪካ የሚተከልበት ከተማ ነው፤ ምረቃ አይጠፋም። ነገር ግን አባቴ መጻፍ አቃተው። ጋዜጣው ዜና ላክ እያለ ይወተውተዋል፤ እሱ ወረቀት ፊቱ ዘርግቶ ይቀመጥና ቀኑን ጽፎ ያቆማል። እናቴ ዓይን በልቶት ነው አለች፤ ጠበል ውሰዱት አለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስመጣ ከስቶ አገኘዋለሁ። አላዘንኩለትም። ያበላሸውን ማበላሸቱን የሚያውቅ ሰው ተቀምጦ መክሳቱ ለማን ይጠቅማል?

አንድ የሕግ አስተማሪዬን ጠየቅሁ። ይግባኝ ማለት ይቻላል፤ ዋናው ምስክር ቃሉን በሐሰት እንደሰጠ ራሱ ቀርቦ ካመነ ነገሩ እንደገና ሊታይ ይችላል አለኝ። ጊዜው ግን እያለቀ ነበር። ለአባቴ ነገርኩት። ማመልከቻውን እኔ እጽፋለሁ፤ ኦቦ ነገሳ ይፈርማሉ፤ አንተ ቀርበህ አልተነገረም ትላለህ አልኩት።

«በንጉሠ ነገሥቱ ስም የጻፍኩትስ?» አለ።

«እሱንም አልተነገረም ትላለህ።»

«ያስሩኛል።»

«ሊያስሩህ ይችላሉ» አልኩት። መዋሸት አልፈለግሁም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስመጣ ተላጭቶ፣ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ጠበቀኝ። «ነገ ቡራዩ፣ ኦቦ ነገሳ ዘንድ እንሂድ» አለኝ። «ራሴ ልንገራቸው።» እናቴ ጓዳ ገብታ አልወጣችም። እሑድ ጠዋት ጠረጴዛው ላይ አጎንብሶ ሲጽፍ አገኘሁት፤ ከወራት በኋላ መጀመሪያው ነው። የምለውን ላዘጋጅ ብዬ ነው አለኝ። ደስ አለኝ፤ እውነተኛው አባቴ ከእንቅልፉ የነቃ መሰለኝ።

ኦቦ ነገሳ መስኩን ካጡ ወዲህ ቡራዩ ሴት ልጃቸው ጋ ተጠግተዋል። ልጃቸውና ባሏ ቤተ ክርስቲያን ሄደው ነበርና ቤት ያገኘናቸው እሳቸውንና ወ/ሮ ወርቅቱን ብቻ ነው። ቤቱ አንድ ክፍል ነው፤ መስኮት የለውም፤ ብርሃኑ የሚገባው በበሩ ነው። የሚያወጡት ከብት ስለሌለ ኦቦ ነገሳ በዚያ ሰዓት አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል። እጃቸው ሥራ እንዳጣ ያስታውቃል፤ ጥፍራቸው ጠርቷል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ ነገሳ» አለ አባቴ።

«ደህና ነን። ይቀመጡ።»

እሱ ሳይጀምር እኔ ተናገርኩ። ስለ ይግባኙ፣ ስለ ጊዜው ማለቅ፣ ስለ ፊርማው። «አባዬ እውነቱን ሊናገር ነው» አልኩ።

ኦቦ ነገሳ አባቴን አዩት። «ሹመቱን ይወስዱብዎታል» አሉ።

«ይውሰዱት።»

«ሊያስሩዎትም ይችላሉ።»

«ይሰሩኝ።»

«ያቺን ቃል ያኔ ብትላት ምን ነበረበት» አሉ ወ/ሮ ወርቅቱ። አንቱታቸውን ትተውታል። ለአባቴ ይሁን ለምድጃው አልታወቀም።

ኦቦ ነገሳ እጃቸውን አነሱ፤ ዝም በይ ማለታቸው ነው። «ከብቶቹ ሄደዋል» አሉ። «መሬቱ ግን የት ይሄዳል? እዚያው ነው። ሽቦ ይነቀላል።» ይህን ሲሉ ወደ ኦሮምኛ ተመለሱ፣ ለሚስታቸው አንድ ነገር ተናገሩ፤ ወ/ሮ ወርቅቱ ሳይፈልጉ ፈገግ አሉ። ከዚያ ወደ አባቴ ዞሩ። «እስቲ የሚሉትን ያሰሙኝ። እንዳለፈው ድንገት እንዳይሆንብኝ።»

አባቴ ከኪሱ የተጣጠፈ ወረቀት አወጣ። ተነስቶ ቆመ። ማንም ቁም አላለውም። በምረቃ ድምፁ ማንበብ ጀመረ።

«እኔ አሥራት፣ በሱሉልታ የወተት መሰብሰቢያ ምረቃ ዕለት ክቡር እንግዳውም ሆኑ አቶ ነገሳ ምንም ዓይነት ንግግር አለማድረጋቸውን፣ የታተመውም ሁሉ የራሴ ድርሰት መሆኑን፣ ከመስኩም የተሰጠው ጥጉ ብቻ መሆኑን በእግዚአብሔር ፊት አረጋግጣለሁ።»

ኦቦ ነገሳ ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ተነፈስኩ። እዚያ ላይ ቢያቆም ኖሮ ማመልከቻው በዚያች ደቂቃ ይፈረም ነበር።

አላቆመም።

«አዛውንቱ አቶ ነገሳም ይህን የእውነት ቃል በሰሙ ጊዜ የደስታ እንባ እያፈሰሱ ከመቀመጫቸው ተነስተው፣ ‹ልጄ አሥራት፣ ስለበደልኸኝ ሁሉ ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ፤ ከእንግዲህ በመካከላችን ቂም የለም› በማለት ሲያቅፉት፣ በችሎቱ የተገኘው ሕዝብ...»

«አባዬ፣ በቃ» አልኩት።

አልሰማኝም። ድምፁ ሞቅ ብሏል፤ ዓይኑ እርጥብ ነው። የሚያነበውን ያምነዋል። ችሎቱ ገና ነው፣ እንባው ገና ነው፤ እሱ ግን ጽፎ ጨርሶታል። እስከ መጨረሻው መስመር አነበበና ወረቀቱን አጠፈ።

ኦቦ ነገሳ በትሕትና ጠበቁት። «ጨረሱ?» አሉ።

«ጨርሻለሁ። የሚጨመር ካለ...»

«ይቅር ብያለሁ ያልኩት መቼ ነው?»

አባቴ ወረቀቱን አየ። «የሚሉት መስሎኝ ነው፣ ኦቦ ነገሳ» አለ።

«ሳልለው አልቀርም ነበር» አሉ። «በበሩ ሲገቡ ሳይዎት ልለው እያሰብኩ ነበር። አሁን ግን አንቱ አሉት።»

ማመልከቻውን ከቦርሳዬ አውጥቼ ፊታቸው ዘረጋሁት። «አባባ፣ የሱን ወረቀት ይተዉት። እዚህ ላይ ብቻ ይፈርሙ። የአባዬን ቃል ዳኛው አጭር አድርገው ይጽፉታል፤ ጊዜው ሊያልፍ ነው፣ መስኩ እኮ ነው!»

በእጃቸው ጀርባ ቀስ አድርገው ወደ እኔ መለሱት። «ስሜ ያለበት ወረቀት ይበቃኛል፣ ኢንተለኮ» አሉ።

«ነገሳ» አሉ ወ/ሮ ወርቅቱ። «ነገሳ፣ ሣሩ...»

ኦቦ ነገሳ ከዘራቸውን ከግድግዳው አነሱ። ቤቱ የልጃቸው ነው፣ እንግዶቹ እኛ ነን፤ ሊያስወጡን ይችሉ ነበር። ራሳቸው ጎንበስ ብለው ከጉበኑ ስር ወጡና በሩን ከውጭ ዘጉት።